ጋሼ በፈቃዱ ያልተቀመጡበት ዥዋዥዌ

ንጋቱ በቀን ስልሳ ጊዜ ያህል «ኖ» ይላል። ሥራው ነው። ከኤርፖርቱ የመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። አውቶቡሱ ሳይቆም ከመቀመጫው የሚነሳውን፣ ሻንጣውን መተላለፊያ ላይ የሚያቆመውን፣ ከቢጫው መስመር አልፎ ሹፌሩ ጆሮ ሥር ስልክ የሚያወራውን፣ ሁሉንም በመስተዋት እያየ ይከለክላል። ሰውየው ጠበቃ ይሁን ጄኔራል ግድ የለውም። «ሰር፣ ኖ። ፕሊስ ስቴፕ ባክ» ይላል፤ ሰውየውም ወደ ኋላ ይላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ አንድም ሰው አልወደቀም። ለዚህም ሦስት የምስክር ወረቀትና አንድ ጃኬት ተሸልሟል። ጃኬቱ ይጠበዋል፤ የሸለመው አለቃ ሐበሻ ስለሆነ ግን ይለብሰዋል።

ምክንያቱም ያ ሁሉ «ኖ» በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ንጋቱ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። ዕቃ ስንጭን ና ሲሉት ይሄዳል። እንግዳ ተቀበልልኝ ሲሉት ከፈረቃው ወጥቶ፣ እንቅልፉን ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ዳላስ ኤርፖርት ይቆማል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሰማንያ ታጣፊ ወንበር የሚያስቀምጡበት ሲያጡ ጋራዡን ለቀቀላቸው። የራሱ መኪና ደጅ ቆሞ በረዶ ሲወርድበት ይኸው አምስተኛ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ታደለች «ለእኔ ሲሆን ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል» ትላለች።

ንጋቱ በዲቪ አሜሪካ መጥቶ፣ ስካይላይን በሚባለው ሠፈር ተከራይቶ፣ ላንድማርክ በሚባለው ተከራይቶ፣ በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ ሰው ነው። ቤቱን ሲገዛ ኩሽናውን አላየም። ጓሮውን ነው ያየው። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የሜፕል ዛፍ ነበረበት።

አንድ ልጁ የምስራች ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ቀርታለች፤ ላንድማርክ አካባቢ። የጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፣ ቅዳሜም ትገባለች። ስለዚህ የልጅ ልጁ ሶልያና ከተወለደች ጀምሮ ቅዳሜ የንጋቱ ቀን ነበር። የዓመታት የሥራ ቆይታው ካስገኘለት መብት የተጠቀመው አንዱን ብቻ ነው፤ ቅዳሜን ማረፍ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ከመኪና ስትወርድ ሳምንቱ ለእሱ ያኔ ይጀምራል። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ቢሆንም ሁሉም ያውቃል።

ያ ሁሉ የተበላሸው አምና ጁላይ ላይ ነው። ስለ እሱ ለማውራት መጀመሪያ ስለ ጋሼ በፈቃዱ መነገር አለበት።

ጋሼ በፈቃዱ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ይመዝናሉ፤ ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፣ በኩራት። ንጋቱ ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ አሜሪካ ሲገባ ኤርፖርት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ስካይላይን አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነበራቸው። መኝታ ቤቱን ለእንግዶቹ ለቀው ሰባት ወር ሶፋ ላይ ተኙ። እግራቸው ከሶፋው ስለሚያልፍ ወንበር ይደግፉበት ነበር። ንጋቱ ያን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀለሙ ቡና ዓይነት ነበር፣ አንድ እግሩም አጠር ይላል።

እኒህ ሰው በወዳጆቻቸው መካከል አንድ ልማድ ተክለዋል። አዲስ ነገር የገዛ ሰው መጀመሪያ ጋሼ በፈቃዱን ይጠራል። ሶፋ ከሆነ ይቀመጡበታል። መኪና ከሆነ ሠፈሩን አንድ ዙር ይነዱታል። ቤት ከሆነ ደረጃውን ወጥተው ይወርዱታል። ከዚያ «የበረከት ያድርገው» ይላሉ፣ ነገሩም ተመረቀ ማለት ነው። እሳቸው ያልተቀመጡበት ሶፋ ገና ከሱቁ እንዳልወጣ ይቆጠራል። በዚህ ምርቃት እስካሁን ሁለት ወንበርና አንድ የሕፃን ብስክሌት ሰብረዋል። ባለቤቶቹ አመስግነዋቸዋል።

አምና ጁላይ ንጋቱ ለሶልያና ዥዋዥዌ ሠራላት። ሥራ ከተባለ ማለት ነው። ገመድ ገዛ፣ ጣውላ ቆረጠ፣ ከሜፕሉ ቅርንጫፍ ላይ አሰረው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። እንደ ደንቡ ጋሼ በፈቃዱን ጠራ። መጡ። ሶልያና ተራዋን እንድትጠብቅ፣ ትልቅ ሰው እንደሚቀድም ተነገራት። ጋሼ በፈቃዱ ተቀመጡ፣ ሁለት ጊዜ ዥው አሉ፣ ከላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጮክ ያለ አልነበረም። ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ ያለ ዓይነት ነው።

ንጋቱ ቀና ብሎ አየ። ይውረዱ ልበላቸው ብሎ አሰበ። ቡናማው ወንበር ትዝ አለው፤ ዝም አለ። ጋሼ በፈቃዱ ሦስተኛ ጊዜ ዥው ብለው በራሳቸው ጊዜ ወረዱና «የበረከት ያድርገው» አሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሶልያና ከነቅርንጫፉ መሬት ወደቀች። ግራ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ።

የምስራች ሆስፒታል የደረሰችው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው። ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

«ዛፉ ነው» አለ ንጋቱ።

ጋሼ በፈቃዱ ከጎኑ ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ከሆስፒታሉ ሱቅ የገዙት ትልቅ የጨርቅ ድብ አለ። እሳቸውም «ዛፉ ነው» አሉ።

ስለዚህ ዛፉ ተቀጣ። ንጋቱ በሳምንቱ ዛፍ ቆራጮች አመጣ። የቆራጮቹ አለቃ ግንዱን መታ መታ አድርጎ ዛፉ ጤነኛ መሆኑን፣ ገና ሃምሳ ዓመት እንደሚቆም ነገረው፤ ለምን እንደሚቆረጥም ጠየቀው። ንጋቱ አደገኛ ነው አለው። ሰውየው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ መጋዙን አስነሳ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከስልሳ ዓመት ዛፍ የቀረው ጉቶ ነው። ስፋቱ ለአንድ ሰው መቀመጫ ይበቃል። ጋሼ በፈቃዱ በማግስቱ መጥተው ተቀመጡበት።

የምስራች አልጮኸችም። ጮሃ ቢሆን ይሻል ነበር። ሶልያና ቅዳሜ ቅዳሜ አናንዴል የምትኖር አንዲት ሴትዮ ጋር እንደምትውል ብቻ ነገረችው። ንጋቱ እስከ መቼ ብሎ ጠየቀ።

«ጓሮው ሴፍ ሲሆን እናያለን፣ አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሁለት ሰዓት ሆነ፣ ያውም ከእናቷ ጋር። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ትሄድ ነበር። ንጋቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ተጨማሪ ፈረቃ ልግባ ቢል አለቃው ገረመው። ታደለች ደግሞ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ምንጣፉን እንዳይበላው ፈራች።

ንጋቱ ግን የልጁን ቃል እንደ ውል ያዘው። ጓሮው ሴፍ ሲሆን። በዚህ ዓመት ማርች ላይ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ልጆች መጫወቻ ደኅንነት የሚናገር መጽሐፍ ተውሶ እንደ ፈተና አጠናው። አውቶቡሱን ተራ አስይዞ ሲጠብቅ ያነባል፣ ያሰምራል። የቤተ መጻሕፍቱ መሆኑን ያስታወሰው ግማሹን ካሰመረ በኋላ ነው።

ከመቆፈሩ በፊት የአገሩ ደንብ እንደሚያዘው ስልክ ደወለ። ሰዎች መጥተው የጋዝና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን በቀለም ረጩ፣ ሣሩ ላይ ትንንሽ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ተክለው ሄዱ። ጋሼ በፈቃዱ ጉቶው ላይ ተቀምጠው የየትኛው አገር ባንዲራ እንደሆነ ጠየቁ። ጡረታ ስለወጡ በየቀኑ ይመጣሉ። ሥራውን የሚያግዙት በአስተያየት ነው።

ንጋቱ አራት ጉድጓድ ቆፈረ፣ የእያንዳንዱ ጥልቀት አንድ ሜትር። አራት ቋሚ አቆመ፤ በየጫፉ ሁለት ሁለቱ ከታች ተራርቀው ከላይ ይገናኛሉ። ቱምቢ ጣለ፣ ውሃልክ አስቀመጠ፣ ኮንክሪት ሞላ። ልጅ ቢወድቅ ጭንቅላቱን እንዳይመታ ኮንክሪቱን ከመሬት በታች አስቀርቶ አፈር መለሰበት። የብሎኖቹን ጫፍ እንጨቱ ውስጥ ቀበረ፣ ዳዶውን በክዳን ሸፈነ። ሰንሰለቱን ጣት እንዳይቆነጥጥ በፕላስቲክ ቱቦ አለበሰው። እንጨቱን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ከዚያ ስንጥር መኖሩን ለማየት በጉንጩ አሻሸው። ታደለች ይህን በመስኮት አይታ መጋረጃውን መለሰች።

መሬቱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ነሰነሰ፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር ሙሉ። ከፊትና ከኋላ የዥዋዥዌውን ቁመት እጥፍ፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ተወ። ያን ቦታ ዥዋዥዌው ሲንቀሳቀስ ማንም ሊረግጠው አይገባም ይላል መጽሐፉ። ንጋቱ ድንበሩን በትንንሾቹ ባንዲራዎች አጠረው። ለሌላ ሥራ የተተከሉ ነበሩ፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል ብሎ አዛወራቸው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ፣ እሱም በየቀኑ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ዥዋዥዌው ሲያልቅ ይመረቃል። ከተመረቀ የሚመርቁት ጋሼ በፈቃዱ ናቸው። ንጋቱ ይህን ለማስቀረት አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይበቃዋል። አንዷን ዐረፍተ ነገር ላለመናገር ሦስት ወር ሠራ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ለወጠ። ሶልያና ሃያ አራት ኪሎ ናት። ንጋቱ ግን ወረቀቱ ላይ መቶ አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ። ሲወዛወዝ ጫናው እጥፍ ይሆናል የሚል አንብቦ ነበርና በሁለት አባዛው። ስለ ይሉኝታ ደግሞ ሃያ ጨመረበት። በዚህ ልክ አግዳሚ ሲፈልግ ያገኘው የቤት ጣሪያ የሚሸከም ዓይነት ነው። ለማንሳት አራት ሰው ፈለገ። ኤሊ የሚባለው ፈረንጅ ጎረቤቱ ከአጥሩ በላይ አይቶ የመኪና ሞተር ልታወርድበት ነው ወይ አለው። ንጋቱ የልጅ ዥዋዥዌ ነው ሲለው ኤሊ ስለ ልጅቷ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

መቀመጫው ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ፈረሰ። ለልጅ የሚሆነው መቀመጫ ለስላሳ ጎማ ነው፤ እየተወዛወዘ የሚያልፍ ልጅ ቢመታ እንዳይጎዳ። እሱ የሚችለው ሃምሳ ኪሎ ነው። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ የሚችለው ጠንካራ ጣውላ ነው፤ እሱ ደግሞ የልጅ ግንባር ከመታ ሆስፒታል ያደርሳል። ንጋቱ ሦስት ሱቅ ዞረ። ሁለቱን የሚያስማማ ነገር በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም አልተሠራም። ለስላሳውን ገዛ።

ከዚያ በኋላ በዘወርዋራ ማስረዳት ጀመረ። ከመጽሐፉ ስለ ክብደት የሚናገረውን ገጽ እየተረጎመ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ጋሼ በፈቃዱ በጥሞና አዳመጡ፣ እዚህ አገር ሁሉን ነገር ቀንሰው እንደሚጽፉ አስረዱት፤ መድኃኒቱም እንዲሁ ነው አሉ። ንጋቱ ሰሌዳ ቆርጦ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «እስከ 50 ኪሎ ብቻ» ብሎ ቋሚው ላይ ሰቀለ። ጋሼ በፈቃዱ የእጅ ጽሑፉን አደነቁለት።

በመጨረሻ ያለ ምርቃት ዝም ብሎ ልጅቷን ሊያስቀምጣት አሰበ። ታደለችን አማከራት። እሷም ጋሼ ሳይኖሩ ተመረቀ ቢባል ሰው ምን ይላል አለችው። ለነገሩ ቀኑን ጋሼ በፈቃዱ ራሳቸው ቆርጠው በየቤቱ እየተሰበሰበ አብሯቸው ለሚጸልየው የቤት ኅብረት ሁሉ ነግረው ነበር። የጁን የመጨረሻው ቅዳሜ።

ያን ቅዳሜ የምስራች ፈቃድ ወስዳ ሶልያናን ይዛ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ቋሚውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀች፤ የነቃነቀችው ራሷን ነው። ጣቷን ብሎኖቹ ላይ አሳለፈች። ፍቅፋቂውን በጫማዋ ጫፍ ቆፍራ ጥልቀቱን አየች። ሰሌዳውን አነበበች። ንጋቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ተመርማሪ፣ ከባንዲራዎቹ ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

«ጉድ ጆብ፣ አባዬ» አለች። በዓመት ውስጥ እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «እንግዲህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ...» ብላ ስትጀምር ሽማግሌ ወንድሜነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኅብረቱ መሪ ናቸው። እሳቸው ጉሮሮ ከጠረጉ ጸሎት ነው።

ሃያ ያህል ሰው ከጋራዡ በወጡት ሰማንያ ወንበሮች ዙሪያ ቆመ። ጸሎቱ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ቤቱ ብድር፣ ስለ አገር፣ ከዚያ ተመልሶ ስለ ልጆች ሆነ። አሜን ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ። ማንም አልጠራቸውም። ጋሼ በፈቃዱ ኮታቸውን አውልቀው ለታደለች ሰጡ።

ሶልያና ዥዋዥዌው አጠገብ ቆማ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሥርዓቱን ታውቃለች። ትልቅ ሰው ይቀድማል። ሳትባል ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ፈቀቅ ስትል ግራ እጇን አንጓው ላይ በቀኝ እጇ ይዛ ነበር። ምናልባት አታውቀውም። ንጋቱ አየው።

ምግቡ ይቅደም አለ። ጋሼ በፈቃዱ ምግቡ የትም አይሄድም አሉት። ሰንሰለቱ ገና ግሪስ አልጠጣም ብሎ ሞከረ። እሳቸውም ቀስ ብለው እንደሚቀመጡ ነገሩት። ባንዲራዎቹን አለፉ። ፍቅፋቂው ውስጥ ጫማቸው ሰመጠ። ሁለት እርምጃ ቀራቸው።

«ሰር፣ ኖ። ፕሊስ ስቴፕ ባክ።»

የአውቶቡሱ ድምፅ ነበር። ከንጋቱ አፍ በራሱ ጊዜ ነው የወጣው። ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ጋሼ በፈቃዱ ናቸው።

«ሻንጣ ይዤ የመጣሁ መሰለህ?» አሉት፤ እየሳቁ ጀርባቸውን ለመቀመጫው ሰጥተው ሰንሰለቱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጋሼ በፈቃዱ፣ አይቀመጡ» አለ ንጋቱ።

ይህኛው አማርኛ ነበር። ሳቁ የተቋረጠው በአንዴ አይደለም፤ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የጠፋው። ጋሼ በፈቃዱ ጉልበታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ፣ አልተቀመጡም፣ አልተነሱም።

«አምና የተሰበረው እርስዎ ተቀምጠውበት ነው። ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ። ይውረዱ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።»

ጋሼ በፈቃዱ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሰንሰለቱን ግን አልለቀቁም።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አሉ።

የምስራች የያዘችውን የወረቀት ሳህን ወንበር ላይ አስቀመጠች። አባቷን አየች፣ ከዚያ ጋሼ በፈቃዱን፣ ከዚያ ጉቶውን። ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ምን እንዳሏት እያስታወሰች እንደሆነ ንጋቱ ገባው።

«ሁለታችሁም?» አለች።

ሶልያናን በቀኝ እጇ ያዘችና ወደ መኪናው ሄደች። ልጅቷ ዥዋዥዌውን አልነካችውም። ጠጠሩ ላይ ጎማ ሲንኮራኮር ተሰማ፣ ከዚያ ያም ጠፋ። እንግዶቹ በፍጥነት በሉ። ሰው ሲደነግጥ ጥሩ ይበላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጉቶው ላይ ተቀምጧል፣ ሌላው ወንበር ያጥፋል።

ንጋቱ ለምን አንድ ዓመት ሙሉ ዝም እንዳሉ ጠየቃቸው። ጋሼ በፈቃዱ መለሱ።

«አንተ ለልጅህ ዛፉ ነው ስትል ሰማሁ። ታዲያ በልጅህ ፊት ውሸታም ላደርግህ ነው?»

ንጋቱ ሰባ ዘጠነኛውን ወንበር አጠፈ። ሰማንያኛው ላይ ተቀመጠ። ለሁለቱም ሲባል የተቆረጠው ዛፍ ጥላ ያጠላበት የነበረው ቦታ ላይ ፀሐይዋ በረታችባቸው፤ ቢሆንም ቶሎ አልተነሱም።

ሳምንቱ ረጅም ነበር። ወሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ እንደተለመደው መንገድ ላይ ወፍሯል። ሰኞ ዕለት ንጋቱ ጋሼ በፈቃዱን ከዥዋዥዌ አስወርዷል ተባለ። ረቡዕ ጎትቶ አስወርዷል ሆነ። ሐሙስ አንድ የሥራ ባልደረባው አውቶቡሱ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ተቀብሎ ያስጠለለህን ሰው እንዴት ትገፈትራለህ ብሎ ወቀሰው። ንጋቱ አላስተባበለም። ወደ ታደለች ሲመለስ እሷ ደግሞ በሌላ ምክንያት ተቀይማለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር «አይሆንም» የምትለው ለእኔ ብቻ ነበር፣ እሱንም ለሌላ ሰጠኸው አለችው። ቅያሜዋ ግን እራት አላስቀረበትም።

የምስራች ስድስት ቀን አልደወለችም። ዓርብ ከሰዓት ንጋቱ ተርሚናሉ ላይ ሰው ሲያወርድ ስልኩ ጠራ። እየሠራ ስልክ አያነሳም፤ ደንቡ ነው። አውቶቡሱን አቁሞ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ ቁልፉን ነቅሎ መልሶ ደወለ።

ነገ ሥራ እንዳላት ነገረችው። አናንዴል ያለችው ሴትዮ ነገም ትችላለች፣ እሷ ግን ሶልያናን ሦስት ሰዓት ላይ ለእሱ ታመጣለታለች። ንጋቱ ስለ ዥዋዥዌው ሊያወራ ጀመረ፤ ብሎኖቹን ድጋሚ እንዳጠበቀ፣ ፍቅፋቂውን በሬክ እንዳስተካከለ።

«የማመጣት በዥዋዥዌው ምክንያት አይደለም፣ አባዬ» አለች። «ዥዋዥዌው ጥሩ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርክ። አንድ ዓመት ዘግይተህ ነው፣ ግን ተናገርክ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ደግሞ የሰማኸውን ነገር ዝም ብትል...» ቀሪውን አልጨረሰችም።

«ገባኝ» አለ ንጋቱ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሶልያና ከመኪናው ወረደች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ አያቷ መልሶ አስጫማት፣ ፍቅፋቂው ላይ በጫማ ነው። ሰንሰለቱን ያዘች። መጀመሪያ እንደምትወድቅ ሁሉ ሰውነቷን አጠበቀች። ንጋቱ በዝግታ ገፋት። በአምስተኛው ትከሻዋ ወረደ። በአሥረኛው እግሯን ወደ ሰማይ መዘርጋት ጀመረች። አግዳሚው ዝም አለ። ጣሪያ የሚሸከም እንጨት ሃያ አራት ኪሎ አይሰማውም።

በዚህ መሀል ሦስት ሰው በጎን በር ገባ። ሽማግሌ ወንድሜነህ ከፊት ናቸው፣ አንድ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከኋላ፣ መሀላቸው ጋሼ በፈቃዱ። ሽማግሌዎቹ ከረባት አስረዋል። ለዕርቅ ነው የመጡት። ንጋቱና ጋሼ በፈቃዱ እንዳልተጣሉ ጋሼ በፈቃዱ ራሳቸው ሦስት ጊዜ አስረድተዋቸው ነበር። ግን ሰዎቹ ቤታቸው ድረስ ከመጡ በኋላ አልሄድም ማለት ከበዳቸው። ስለዚህ ያልተጣሉትን ሰው ሊታረቁ፣ ሌላ ኮት ለብሰው መጥተዋል።

ሽማግሌ ወንድሜነህ እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው በቀጥታ ወደ ንጋቱ ተራመዱ። አንድ እግራቸው ባንዲራውን አለፈ።

«እዚያው ይቁሙ» አለ ንጋቱ።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

«ልጅ እየተጫወተች ነው። ከባንዲራው ወደ ኋላ ይበሉ።»

በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስታርቁ እንዲህ ያላቸው የለም። ወደ ጋሼ በፈቃዱ ዞር አሉ፤ ጥፋቱን አዩልኝ ለማለት ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ በፈቃዱ ግን ከባንዲራዎቹ ዞረው፣ ቦታቸውን ስለሚያውቁት፣ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው እግራቸውን መለሱ። ሌላውም ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከረባታቸውን እንዳሰሩ ፀሐይ ላይ ቆመው ተራ ጠበቁ።

«አባባ፣ ሃየር» አለች ሶልያና፤ ከፍ እንዲያደርጋት ፈልጋ።

«አይሆንም» አለ ንጋቱ፤ ገፋትም፣ በነበረው ልክ።